ስለ ባንኩ ገንዘብና ስለ ተለጠፉት ፎቶግራፎች

በተማሪ መካከል ብዙ ክርክር ይነሣል፤ ብዙውም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይረሳል። ስለ ኳስ የተነሣው በሚቀጥለው ጨዋታ ይሻራል፤ ስለ ዘፈን የተነሣውም አዲስ ዘፈን ሲወጣ ይተዋል። አንድ ነገር ግን ዓመት አልፎትም ገና አልተዘጋም። እርሱም መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወጣው ገንዘብ ነው። ነገሩ በተነሣ ቁጥር አንዱ «ሌቦች!» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሞኞች፣ ለምን መለሱት?» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበል በዚህ ገጽ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በዚያን ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለነበሩት አዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሲባል ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ዓርብ አልፎ ቅዳሜ ሊነጋ፣ ባንኩ ሲስተሙን ሲያድስና ሲመረምር ስሕተት ተፈጠረ። ኤቲኤሙም ሆነ በስልክ የሚሠራው የባንክ አገልግሎት በደንበኛው ሒሳብ ያለውን ገንዘብ ሳያመዛዝን የተጠየቀውን ይከፍል፣ የታዘዘውንም ያስተላልፍ ጀመር። በሒሳቡ መቶ ብር ያለው ሰው ሺሕ ቢጠይቅ ሺሕ ያገኛል። ወሬውም በስልክና በቴሌግራም ከዶርም ወደ ዶርም በረረ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉት ኤቲኤሞች ፊት በውድቅት ሌሊት ሰልፍ ቆመ። ለፈተና እንኳ በዚያ ሰዓት የማይነቃው ሁሉ ነቅቶ ነበር ይባላል። ሲነጋ ባንኩ አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ ለሰዓታት አቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት በሰጡት መግለጫ፣ ከውጭ ሰብሮ የገባ ጠላፊ አለመኖሩን፣ ገንዘቡን ከወሰዱትም አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውን ተናገሩ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተገለጸ። በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል እንደማይጠየቅ ተነገረ፤ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ወሩም ሳያልቅ ከገንዘቡ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ተመለሰ። አልመለሱም የተባሉ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ግን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በባንኩ ቅርንጫፎች ደጃፍ ተለጠፈ፤ በኢንተርኔትም ተሠራጨ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንናገር።

«ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ የማንም አይደለም» የሚል አነጋገር በመካከላችን ይሰማል። ይህ አነጋገር ከሁለት ወገን የተሳሳተ ነው። ባንኩ የመንግሥት ቢሆንም በውስጡ የተቀመጠው ገንዘብ የአስቀማጩ ነው። አስቀማጩ ማነው? የእኛው እናት ናት። በወር አንድ ጊዜ ዶሮዋንና እንቁላሏን ሸጣ፣ ወደ ወረዳው ከተማ በእግሯ ወርዳ፣ ለልጄ ላኩልኝ ብላ የምትቆመው በዚያው ባንክ መስኮት ፊት ነው። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት የሰው ቤት ሠርታ የምትልከው እኅታችንም ገንዘቧን የምታምነው ለእርሱ ነው። የአስተማሪው ደመወዝ በእርሱ ይወጣል፤ የዕድሩ ተቀማጭ በእርሱ ይቀመጣል። ከዚህ ገንዘብ የተወሰደው ሁሉ በመጨረሻ ከአንድ ሰው ጉያ መውጣቱ አይቀርም፤ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ባለመታየቱ ብቻ የማንም አይሆንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

«መኪናው ራሱ ሰጠን» የሚለውም ምክንያት አያስኬድም። መኪና አይሰጥም፤ መኪና የታዘዘውን ይሠራል። ያዘዘው የሰው እጅ ነው፤ ያም እጅ በሒሳቡ ምን ያህል እንዳለው ያውቃል። ስለዚሁ ጉዳይ የሕግ ተማሪ የሆኑትን ወንድሞቻችንን ብንጠይቅ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጡልን። በዚያ ሕግ ከቁጥር 2162 ጀምሮ አላግባብ ስለ መበልጸግ የተጻፈ አለ፤ በቁጥር 2164ም መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለው እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ተመልክቷል። ሕጉ ሲወጣ ኤቲኤም የሚባል ነገር በአገራችን አልነበረም፤ ቢሆንም ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል። ስለዚህ የመለሱት ሞኞች አይደሉም። ያልነበራቸውን መለሱ እንጂ የነበራቸውን አላጡም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ከ‹ሌቦች› ባዩ ወገን ሆናችሁ» ይለን ይሆናል። ይታገሠን።

ያን ሌሊት በሰልፍ የቆመው ተማሪ ቀን ምን ይበላ ነበር? በዚያ ዓመት መንግሥት ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የመደበው ገንዘብ 22 ብር ነበር። ይህ ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንዱ ማዕድ ከ7 ብር ከ33 ሳንቲም አይበልጥም። የካፌያችንን ሽሮ በልቶ የማያውቅ ሰው ይህን አኃዝ ሲሰማ በጋዜጣ ላይ የወጣ የማተሚያ ስሕተት ይመስለዋል። እኛ ግን የሽሮውን መልክ እናውቀዋለን፤ ከሳሕኑ ሥር የሳሕኑን አበባ እያሳየ የሚቀርበውን ማለታችን ነው። በ2017 ዓ.ም. መደቡ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በመካከሉ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ዘይቱም ምስሩም ይህን ሰምተዋል። መቶ ብሩን ከ22ቱ ጋር ሲያስተያዩ ይህንን መርሳት አይገባም።

በዚህ ላይ ተማሪው የሚበላው በነጻ አይደለም። በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍለው ነው። እንግዲህ ያ «ሌባ» የተባለው ወጣት ገና ዲግሪውን ሳይዝ የመንግሥት ባለዕዳ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንለው ረሀብ የሰውን ገንዘብ ለመውሰድ ፈቃድ ይሰጣል ለማለት አይደለም። ከዚህ በላይ አይሰጥም ብለናል። ነገር ግን ጫማ ለመግዛት ሁለት ሺሕ ብር ያወጣውን ልጅና ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እያዘዋወረ እስኪነጋ ሲያጋብስ ያደረውን በአንድ ስም መጥራት የዳኛ ሥራ አይደለም፤ የወሬኛ ሥራ ነው። በዚያ ሌሊት ሁለቱም ዓይነት ሰው ነበረ። ሦስተኛም ነበረ፤ ሰልፉን አይቶ ወደ መኝታው የተመለሰ። ስለ እርሱ ማንም መግለጫ አልሰጠም።

ደግሞም በአንዳንድ ታላላቆቻችን አፍ «ይህ ትውልድ ተበላሽቷል» የሚል ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በርክቷል። እኛ የምንመለከተው አኃዙን ነው። 800 ሚሊዮን ብር በሌሊት ወጥቶ ወሩ ሳይሞላ ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው ተመለሰ። የመለሰውም ያው የተበላሸ የተባለው ትውልድ ነው፤ አንዳንዱ ከጓደኛው ተበድሮ፣ አንዳንዱም የገዛውን ስልክ መልሶ ሸጦ። በአገራችን ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ በዚህ ፍጥነት የተመለሰ ሌላ ገንዘብ ካለ ታላላቆቻችን ይንገሩን፤ በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣዋለን።

ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ፤ እርሱም የተለጠፉት ፎቶግራፎች ናቸው።

ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍና እንዳይባዛ ይከለክላል። በቁጥር 28 ከዚህ ክልከላ የሚወጡትን ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ሲሆን፣ የሕዝብ ሥልጣን ሲይዝ፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ሲያስፈልገው፣ እንዲሁም እነዚህን የመሳሰሉ። የባንኩ ወዳጆች «ይኸው፣ ለፍትሕ ሥራ ተብሎ ነው» ይሉ ይሆናል። በውኑ ባንክ ፍርድ ቤት ነውን? ፖሊስስ ነውን? ባንክ በዚህ ነገር ከሳሽ ነው። ከሳሽ የተከሳሹን ፎቶግራፍ በደጃፉ ላይ የሚለጥፍበት አገር ውስጥ ዳኛ ምን ቀረው? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነህ ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። እነዚህ ሰዎች በተለጠፉ ጊዜ ፍርድ አልተሰጠባቸውም። ጉዳዩን የባሰ የሚያስደንቅ የሚያደርገው፣ በዚያው በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሆኖ መውጣቱ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ የሰውን ምስጢር የሚጠብቅ አዋጅ ያወጣል፤ የመንግሥት ባንክ ደግሞ ለመታወቂያ ተብሎ የተሰጠውን ፎቶግራፍ በግንብ ላይ ይለጥፋል። ደንበኛው ፎቶግራፉን ለባንኩ የሰጠው ማንነቱ እንዲታወቅለት ነበር፤ እንዲዋረድበት አልነበረም።

አያቶቻችን ቆራኛ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ባለዕዳና ባለገንዘብ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወይም ነጠላቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ክፉ ልማድ ስለ ነበረ ቀርቷል፤ ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ልጠፋ በአንድ ነገር ይሻል ነበር፤ ሰንሰለቱ ሁለቱንም ያስር ነበር። በዚህ ጊዜስ ሰንሰለቱ ያሰረው ማንን ነው? በደንበኞቹ ሒሳብ ላይ በሌሊት ሲስተም ሲያድስ አስቀድሞ ሞክሮ ማየት የባንኩ ግዴታ ነበር። በሩን ከፍቶ የተኛ ዘበኛ ሌባን ነጻ አያወጣም፤ እርሱ ራሱ ግን ነጻ አይወጣም። ስሕተቱን የሠራው ባለሙያ ፎቶግራፍ ከተማሪው ጎን ይለጠፍ አንልም፤ ይህም በደል ይሆናልና። የምንለው፣ ለአንዱ «የሲስተም ችግር» የሚል ጨዋ ስም ተሰጥቶት ለሌላው ፊቱን በአደባባይ ማስጣት ሚዛን የጎደለው ነው።

ስለ ሚዛን ካነሣን አንድ አኃዝ እንጨምር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ከዚሁ ባንክ ተበድረው ያልከፈሉትን ዕዳ ወደ መንግሥት ለማዛወርና የባንኩን ካፒታል ለማሳደግ እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጽድቋል። ይህ ከዚያች ሌሊት ገንዘብ ከሺሕ እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ ብድሩ በውልና በፊርማ የተወሰደ ነው፤ ግድብ የተሠራበትም አለ፤ ወደ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ገብቶ ስኳሩ ሳይቀመስ የቀረበትም አለ። ያን ብድር የፈቀዱትንና የፈረሙትን ሰዎች ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ በር ላይ አላየንም። ማየትም አንፈልግም። ለሺሕ እጥፉ ትዕግሥት፣ ለአንዱ እጅ ግንብ ለምን እንደ ሆነ ግን የሚያስረዳን ሰው እንፈልጋለን።

ፊት መለጠፍ በከተማ ሰው ዘንድ እንደ ቀልድ ይታይ ይሆናል። ብዙ ቀልድም ተቀልዶበታል። በቲክቶክ ላይ ኤቲኤም የሚስመውን፣ ለኤቲኤም የሚዘፍነውን፣ ካርዱን በነጠላ ጠቅልሎ የሚያስተኛውን አይተን ስቀናል፤ ሳቅን አንነቅፍም። የአገራችን ሰው በችግሩ መካከል ባይስቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሆኖም ቀልዱ ከኤቲኤሙ ወደ ሰውየው ፊት ሲዛወር ነገሩ ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መቶ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ሦስት ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድም ያለፈ አልነበረም። እንግዲህ ከአንድ ቀበሌ ወይም ከአንድ ወረዳ ያለፈ ልጅ ብቻውን ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ የታናናሾቹ ምሳሌ ነው፤ እናቱም በገበያ «የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እናት» ተብላ ትጠራለች። የዚህ ልጅ ፎቶግራፍ ወረዳው ድረስ ሲወርድ የሚቀጣው እርሱ ብቻ አይደለም። እናቱ በሚቀጥለው ወር ያቺን ዕንቁላል ሸጣ በዚያው ባንክ መስኮት ፊት እንዴት ትቆማለች? በፍርድ ቤት የተቀጣ ሰው ቅጣቱ ቀን አለው፤ ይጀምራል፣ ያልቃል። የፎቶግራፍ ቅጣት ማብቂያው መቼ ነው? ወረቀቱ ከግንቡ ይላጣል፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ዛሬ ሥራ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የአመልካቹን ስም በስልኩ ላይ ሲጽፍ የሚወጣለት ማመልከቻው ላይሆን ይችላል።

ባንኩ ምን ማድረግ ነበረበት ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። ሒሳቡን ያውቃል፤ ስሙን ያውቃል፤ ስልኩን ያውቃል፤ የሚማርበትንም ዩኒቨርሲቲ ያውቃል። ጠርቶ መጠየቅ፣ ገንዘቡን አጥፍቶ ከሆነ በየወሩ የሚከፍልበትን ውል ማዋዋል፣ እምቢ ካለ ከሶ ዳኛ ፊት ማቆም ይቻል ነበር። ለትልቅ ተበዳሪ የዕዳ መክፈያ ጊዜ ማራዘም በባንክ ቤት የተለመደ ነገር ነው። ለተማሪ የማይፈቀድበትን ምክንያት አናይም። ተማሪው ባለመክፈል ሊያመልጥ የሚችልበት አገር የለውም፤ ዲግሪው እንኳ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እጅ ነው።

በዚህ ጉዳይ የተማሪዎች ማኅበራት ዝምታም ያሳዝናል። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» ሲሉ ማኅበራት «መልሱ» አሉ፤ ይህ ትክክል ነበር። ፎቶግራፎቹ ሲለጠፉ ግን ድምፅ አልተሰማም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ቀዳሚዎቻችን ስለ ራሳቸው መሬት አልጮኹም፤ አብዛኞቹ የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውምና። ያጠፋ ሰው መብት አለው ብሎ መናገር ከዚያ ይልቅ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ «ግብረ አበር ናችሁ» ያሰኛል። ይበሉን። ያላጠፋን ሰው መብትማ ማንም ያስታውሳል።

ስለዚህ የእኛ ማኅበር ለባንኩ ደብዳቤ እንዲጽፍ ሐሳብ አቅርበናል። ደብዳቤው ምሕረት አይለምንም፤ ያልተመለሰ ገንዘብ ካለ በሕግ ይጠየቅ ይላል። የሚጠይቀው፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከወጣባቸው መካከል ዕዳቸውን የከፈሉ ካሉ ባንኩ መክፈላቸውን በጽሑፍ እንዲሰጣቸውና፣ ፎቶግራፉ በወጣበት መንገድ ይህንኑ እንዲያስታውቅላቸው ነው፤ ወደፊትም ፍርድ ሳይሰጥ የደንበኛ ፎቶግራፍ እንደማይለጥፍ ቃል እንዲገባ ነው። ረቂቁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የተስማማ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ጽፎ ይፈርምበት፤ ያልተስማማም ያልተስማማበትን በኅዳጉ ላይ ይጻፍልን፤ ለመልስ እንዘጋጃለን። ቢሮው እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ ዓርብ ግን ለስብሰባ ስለምንወጣ በ9 ይዘጋል።